የማረጋገጫ መሣሪያን ስለ መምረጥ፦ በባሕር ዳር ምርምር ለሚጀምሩ የተዘጋጀ ንጽጽር

ቲዎረም ማረጋገጥንና የሶፍትዌርን ትክክለኛነት በሒሳብ ማሳየትን የምርምር ርእሱ ያደረገ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ወር «መምህር፣ የትኛውን መሣሪያ ልማር?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዱን መሣሪያ በሚገባ ለመልመድ ወራት ይፈጃል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ደግሞ ከነኮርሱ በሁለት ዓመት መጠናቀቅ ስላለበት፣ መሃል ላይ መሣሪያ የቀየረ ተማሪ የቀረውን ጊዜ እንደ አዲስ ሲጀምር ያሳልፈዋል። ይህን ንጽጽር የጻፍሁት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢም ሆነ ከግቢው ውጭ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ሆነው ይህን ምርጫ ለሚያደርጉ ሰዎች ነው። እኔም በዚሁ ዘርፍ የምሠራና የማስተምር ስለሆንሁ፣ የምሰጠው አስተያየት የራሴን ዝንባሌ እንደሚያሳይ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ የምንነጋገርበት ነገር ግልጽ ይሁን። ፕሮግራምን በናሙና መፈተሽ ሁላችንም የምናውቀው ሥራ ነው፤ ግብዓት ሰጥተን ውጤቱን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት የታወቀው ተፈትሾና ተሽጦ በብዙ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነበር፤ ስህተቱም ኩባንያውን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በተነሣች በ37 ሰከንድ ገደማ ከመንገዷ ወጥታ የጠፋችው ደግሞ ባለ 64 ቢት ቁጥር ባለ 16 ቢት ቦታ ውስጥ እንዲገባ ስለተደረገና ስላልበቃው ነው። በባለሙያዎች አነጋገር ፎርማል ቬሪፊኬሽን የሚባለው ሒሳባዊ ማረጋገጥ፣ ፕሮግራሙ ናሙና ሆነው ለተመረጡት ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም ግብዓቶች የተጻፈለትን መስፈርት እንደሚያሟላ ያሳያል፤ ማረጋገጫውንም ሰው በዓይኑ ከሚያነበው ይልቅ ኮምፒውተር ይመረምረዋል።

መሣሪያዎቹን በዝናቸው ወይም በአዲስነታቸው መደርደር ለመምረጥ አይረዳም። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቃቸው «ይህ ሥራ ቢበላሽ የሚበላሸው በምን በኩል ነው?» ብዬ ነው። አንዳንዱ ሥራ የሚበላሸው ብዙ ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲካሄዱ ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ነው። ሌላው የሚበላሸው ስሌቱ ሲሳሳት ነው። ሦስተኛው ወገን ማብቂያ የሌላቸውን ነገሮች የሚመለከት፣ አንዱም እርምጃ ሳይታይ እንዳያልፍ የሚፈለግበት ሥራ ነው። ለሦስቱ የተለያየ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ለእያንዳንዱ ከዚሁ ከአካባቢያችን ምሳሌ እየወሰድሁ አያለሁ።

ቅደም ተከተል ሲያሰጋ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለምትሄድ ጀልባ ሁለት ሰዎች በስልካቸው ትኬት የሚቆርጡበትን ፕሮግራም እናስብ። አንዱ ቆራጭ ወደቡ ላይ ነው፣ ሌላዋ ከተማው መሃል ናት፤ በጀልባዋ ላይ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ሁለት እርምጃ ይወስዳል፤ አስቀድሞ ስንት ወንበር እንደቀረ ያነብባል፣ ቀጥሎም ወንበር ካለ ትኬቱን መዝግቦ ቁጥሩን ይቀንሳል። ሁለት ሰዎች ሁለት ሁለት እርምጃ ሲወስዱ እርምጃዎቹ ሊደባለቁ የሚችሉባቸው መንገዶች ስድስት ናቸው። ከስድስቱ በሁለቱ አንደኛው ቆራጭ ጨርሶ ሌላው ስለሚጀምር ችግር የለም። በቀሩት አራቱ ግን ሁለቱም «አንድ ወንበር አለ» የሚለውን ካነበቡ በኋላ ስለሚመዘግቡ፣ አንዱ ወንበር ለሁለት ተሳፋሪዎች ይሸጣል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሲሞክረው አንዱን ትኬት ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ሌላውን ስለሚቆርጥ፣ ከስድስቱ የሚያያቸው ሁለቱን ደኅናዎች ብቻ ነው። አራቱን የሚያያቸው በበዓል ዋዜማ ወደቡ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ነው።

ቆራጮቹ ሦስት ሲሆኑ መንገዶቹ 90፣ አራት ሲሆኑ 2,520፣ አምስት ሲሆኑ 113,400 ይደርሳሉ። ይህን በእጅ እየጻፉ መከታተል እንደማይቻል ግልጽ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሠሩት መሣሪያዎች ሞዴል ቼከር ይባላሉ፤ የዘርፉ መሥራቾች ኤድመንድ ክላርክ፣ አለን ኤመርሰንና ጆሴፍ ሲፋኪስ በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት እ.ኤ.አ. የ2007ን ተሸልመውበታል። ሞዴል ቼከር ሥርዓቱ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ሁኔታዎች ሁሉ እየዞረ ይጎበኛል፤ ከዚህ ቀደም የጎበኘውን ሁኔታ ደግሞ ስለማይጎበኝ መንገዶቹን አንድ በአንድ ከመቁጠር ይድናል፤ ይሁን እንጂ ቆራጮቹ ሲበዙ የሁኔታዎቹም ቁጥር በፍጥነት ያድጋል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ለጀማሪ የምመርጠው የሌስሊ ላምፖርትን ቲኤልኤ ፕላስን ነው። ሥርዓቱ የሚጻፍበት ቋንቋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሚያውቃቸው ከስብስቦችና ከ«እና»፣ ከ«ወይም»፣ ከ«ለሁሉም» ብዙ አይርቅም። ለጀልባዋ ምሳሌ «የተሸጡት ትኬቶች ከወንበሮቹ አይበልጡም» የሚል አንድ መስመር መስፈርት እንጽፋለን፤ ቲኤልሲ የተባለው ቼከሩ መስፈርቱ የሚጣስበትን አጭሩን መንገድ ፈልጎ እርምጃ በእርምጃ ያወጣልናል፦ ወደቡ ላይ ያለው ቆራጭ አነበበ፤ መሃል ከተማ ያለችው አነበበች፤ እርሱ መዘገበ፤ እርሷ መዘገበች። ተማሪ ይህን አራት መስመር ስክሪኑ ላይ ሲያይ ብዙ ሰዓት ካስተማርሁት ይልቅ ነገሩ ይገባዋል፤ ማስተካከያውንም፣ ማለትም ማንበብና መመዝገብን በአንድ የማይከፈል እርምጃ ማድረግን፣ ራሱ ያገኘዋል። በአማዞን የሚሠሩ መሐንዲሶች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን መሣሪያ ተጠቅመው፣ አጭሩ መንገዱ 35 እርምጃ የሆነ ስህተት ዳይናሞዲቢ በተባለው የመረጃ ቋታቸው ንድፍ ውስጥ አግኝተዋል። 35 እርምጃ ወደፊት የሚያስብ ሰው አላውቅም።

ድክመቱም መነገር አለበት። ቲኤልሲ የሚመረምረው የተወሰነ መጠን ያለው ሞዴል ነው፤ ለሦስት ቆራጭና ለአራት ወንበር ትክክል ነው ማለት ለሠላሳ ቆራጭ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ምንም እንኳ አብዛኛው የቅደም ተከተል ስህተት በትንሽ ቁጥርም ብቅ የሚል ቢሆንም። ከዚህም በላይ የተመረመረው ንድፉ ስለሆነ፣ ኮዱን የጻፈው ሰው ንድፉን ካልተከተለ ምርመራው አያድነውም። ጄራርድ ሆልዝማን በቤል ላብስ የሠራው ስፒን ለመልእክት ልውውጥ ፕሮቶኮሎች የተመቸና ማኅደረ ትውስታ ቆጣቢ ነው፤ ርእሳቸው የኔትወርክ ፕሮቶኮል የሆነ ተማሪዎች ሊያዩት ይገባል፤ ለሌሎቹ ግን ቲኤልኤ ፕላስ ይበቃል።

ስሌቱ ሲያሰጋ

ሁለተኛው ስጋት አንድ ፕሮግራም የተሳሳተ መልስ ይሰጣል የሚለው ነው። ለዚህ ምሳሌዬ የዘመን አቆጣጠራችን ነው፤ በአገራችን የሚሠራ የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የትምህርት ቤት ፕሮግራም ቀንን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ከዚያም መልሶ ወደ እኛው መለወጥ ሳያስፈልገው አይቀርም። ዓመታችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወሮችና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ አሉት። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። በባሕረ ሐሳብ ደንብ 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምረን ለአራት ስናካፍል አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 5500 ራሱ ያለ ቀሪ ለአራት ስለሚካፈል ለፕሮግራሙ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ማካፈል ይበቃዋል። 2015 ለአራት ሲካፈል ሦስት ስለሚተርፍ በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ነበረች። የጎርጎርዮስን ደንብ የለመደ ፕሮግራመር ግን ያለ ቀሪ የሚካፈለውን ዓመት ባለ ስድስት ያደርገዋል፤ ጳጉሜ 6 ቀን የተወለደ ሕፃንም ልደቱ «የተሳሳተ ቀን» ተብሎ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚስማማው ዳፍኒ ነው። ሩስታን ሌኖ በማይክሮሶፍት ሪሰርች ሳለ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሠራው ይህ ቋንቋ መልኩ ተማሪዎች ከሚያውቁት ከጃቫ ወይም ከሲ ሻርፕ አይርቅም፤ ልዩነቱ ከእያንዳንዱ ፋንክሽን አጠገብ «ይህ ከተሟላ ይህ ይሆናል» የሚል መስፈርት መጻፉ ነው። ዳፍኒ ኮዱንና መስፈርቱን ወደ ሎጂክ ጥያቄ ለውጦ ዜድ3 ለተባለው ራስ-ሰር ፈቺ ያቀርባል፤ ፈቺው ሲስማማ ፕሮግራሙ ተረጋገጠ፣ ካልተስማማ ያልተረጋገጠው መስመር ቀይ ሆኖ ይታያል። የተረጋገጠው ኮድ ወደ ሲ ሻርፕ፣ ወደ ጃቫ፣ ወደ ጎ ወይም ወደ ፓይተን ተተርጉሞ ሊሠራበት ይችላል።

የቀን መለወጫው አካሄድ ቀኑን ከመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ጀምሮ ስንተኛ እንደሆነ መቁጠር ነው። ስላለፉት ዓመታት 365 ቀን በ365 ቀን እንቆጥራለን፤ ዓመቱን ለአራት አካፍለን የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ያህል የጳጉሜ 6 ቀኖችን እንጨምራለን፤ ስላለፉት ወሮች ሠላሳ ሠላሳ፣ በመጨረሻም የወሩን ቀን እንደምራለን። ለመስከረም 1 ቀን 2000 ይህ 729,635 ሲደመር 500 ሲደመር 1፣ በድምሩ 730,136 ይሆናል። ወደ ኋላ ለመመለስ አራቱ ወንጌላውያን አንድ ዙር የሚዞሩባቸውን 1,461 ቀኖች መለኪያ እናደርጋለን። በእነዚህ ስሌቶች ውስጥ ማባዛቱም ማካፈሉም በታወቀ ቁጥር ስለሆነ ዜድ3 ያለ ብዙ ችግር ይከታተላቸዋል። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች እርስ በርስ ሲባዙ ግን ፈቺው ይንገታገትና ጊዜው አልቆ ያቆማል፤ ያን ጊዜ ተማሪው መካከለኛ እርምጃዎችን በእጁ ማስገባት አለበት። ትናንት ያለፈ ማረጋገጫ ዛሬ ትንሽ መስመር ሲጨመር ወይም የፈቺው እትም ሲቀየር ሊወድቅ መቻሉም የታወቀ ችግር ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት መንገር አለብኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ነውና። ይህን መለወጫ መጀመሪያ ስሠራ የጻፍሁት መስፈርት «ማንኛውም የኢትዮጵያ ቀን ወደ ጎርጎርዮስ ተለውጦ ሲመለስ ራሱን ያገኛል» የሚል ነበር። ዳፍኒ ለቀኖች ሁሉ ተቀበለው፤ እኔም ሥራው አለቀ ብዬ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላሳይ ተቀመጥሁ። መስከረም 1 ቀን 2000ን ሳስገባ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ብሎ መለሰ። እርሱም ወዲያው «ሚሊኒየሙን ያከበርነው እኮ በ12 ነው» አለኝ። የሁለቱን አቆጣጠሮች መነሻ የሚያገናኘውን ቁጥር በአንድ አሳስቼ ጽፌው ነበር፤ ሲሄድ አንድ ቀን ያጎደለው ፕሮግራም ሲመለስ ያንኑ ስለሚጨምር፣ ደርሶ መልስ የሚለው መስፈርት ስህተቱን ፈጽሞ ሊያየው አይችልም። መሣሪያው አልዋሸም፤ የጠየቅሁትን ብቻ መለሰልኝ። ዛሬ የምጽፈው መስፈርት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መስከረም 1 ቀን 2000 እና ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 አንድ መሆናቸውን ይናገራል፤ ሁለተኛው በአንዱ አቆጣጠር አንድ ቀን ሲያልፍ በሌላውም አንድ ቀን ማለፉን ይናገራል። ሁለቱ ሲገናኙ ሌላው ቀን ሁሉ ከዚያች ቀን ወደፊትና ወደ ኋላ እየተቆጠረ ስለሚወሰን ለእንዲህ ያለው ስህተት ቀዳዳ አይቀርም። «አንድ ቀን ሲያልፍ» የሚለው ራሱ የዘመነ ሉቃስን ደንብ ስለሚይዝ ግን ያ ደንብ በትክክል መጻፉን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይሻላል፤ ማንኛውም መሣሪያ ይህን ሊያውቅልን አይችልም። ስለዚህ ተማሪዎቼ መስፈርቱን ከሁሉ አስቀድመው በወረቀት ላይ በአማርኛ እንዲጽፉ፣ ከፕሮግራም ጋር ግንኙነት ለሌለው ሰው እንዲያነቡለት፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዳፍኒ እንዲወስዱት አደርጋለሁ።

ማረጋገጫውን ሰው ሲሠራው

ሦስተኛው ወገን ብዙዎች «ቲዎረም ማረጋገጥ» ሲባል የሚያስቡት ነው፤ ሰውየው የማረጋገጫውን መንገድ ያሳያል፣ መሣሪያው እርምጃውን ሁሉ ይመረምራል። የግዕዝን አኃዝ ለምሳሌ እንውሰድ። 2007 ፳፻፯ ተብሎ ይጻፋል፤ መቶ ሲጻፍ ፻ ብቻ ነው እንጂ ፩፻ አይባልም፤ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ ፻ እና ፼ እየተፈራረቁ ጽሑፉ ማብቂያ በሌለው ርዝመት ሊያድግ ይችላል። ልናረጋግጥ የምንፈልገው ማንኛውም ቁጥር በግዕዝ ተጽፎ ሲነበብ ራሱን እንደሚሰጥ ነው። ርዝመቱ ገደብ ስለሌለው ማረጋገጫው በኢንዳክሽን፣ ማለትም ለመነሻው ቁጥር አሳይቶ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው በመሸጋገር፣ መሄድ አለበት። ዳፍኒ ኢንዳክሽንን በተወሰነ መልኩ ይሞክራል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ የተጠላለፈ ደንብ ሲመጣ መንገዱን ሰው ማሳየት ስላለበት የማረጋገጫ አጋዥ መሣሪያዎች ይሻላሉ።

አንድ ተማሪዬ ይህንኑ ከእነዚህ አጋዦች አንዱ በሆነው በሊን ሲጀምር የሆነው ትዝ ይለኛል። ኢንዳክሽኑን እንዳዘዘ ስክሪኑ ላይ የቀረበለት የመጀመሪያው ጉዳይ የዜሮ ነበር፤ በእነዚህ መሣሪያዎች የተፈጥሮ ቁጥሮች ከዜሮ ይጀምራሉና። በግዕዝ ደግሞ ዜሮ የለም። ልጁ ጥቂት ታግሎ «መምህር፣ ይህ አይረጋገጥም፤ ሐሰት ነው» አለኝ፤ ልክ ነበር። ቲዎረሙን «ከዜሮ ለሚበልጥ ቁጥር ሁሉ» ብሎ አስተካከለና ቀጠለ። ያን አንድ ሐረግ በወረቀት ላይ ሁለታችንም ሳናስተውለው አልፈነው ነበር።

በዚህ ወገን ያሉት መሣሪያዎች የጋራ አባት አላቸው ማለት ይቻላል። ሮቢን ሚልነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤልሲኤፍ በተባለው ሥርዓቱ ያመጣው ሐሳብ፣ ቲዎረም የሚፈጥረው ክፍል በጣም ትንሽ ይሁን፣ የቀረው ሁሉ የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ በዚያ ትንሽ በር ሳያልፍ ምንም ነገር «ተረጋገጠ» አይባልም የሚል ነው። ይህ ትንሽ ክፍል ከርነል ይባላል። በዳፍኒ የምናምነው ተርጓሚውንና ትልቁን ፈቺ ዜድ3ን ሲሆን፣ በማረጋገጫ አጋዦቹ የምናምነው ከርነሉን ብቻ ነው፤ በጆን ሃሪሰን በተሠራው በሆል ላይት ከርነሉ ጥቂት መቶ መስመሮች ብቻ ነው። ቶማስ ሄልስ ስለ ኬፕለር ግምት (እኩል ኳሶችን ይበልጥ አጠጋግቶ ስለ መደርደር) የሠራውን ማረጋገጫ ገምጋሚዎች ሙሉ በሙሉ ማረጋገጥ ስላልቻሉ፣ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2014 በሆል ላይትና በኢዛቤል አስመርምሮ ጨረሰው።

ለተማሪ የሚመረጡት ሦስቱ ኢዛቤል፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ሮክ ተብሎ ስሙ የተለወጠው ኮክ፣ እና ሊን ናቸው። ኢዛቤል በሎውረንስ ፖልሰን እጅ በካምብሪጅ በ1986 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ከቶቢያስ ኒፕኮ ጋር በሙኒክ አድጓል። ትልቁ ብርታቱ ስሌጅሃመር የተባለው መሣሪያው ነው፤ ተማሪው የተቸገረበትን ግብ ይዞ ለብዙ ራስ-ሰር ፈቺዎች ይልካል፣ ያገኙትንም መንገድ በከርነሉ ደግሞ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ማረጋገጫ የሚጻፍበት ኢዛር የተባለው ቋንቋ እንደ ሒሳብ መጽሐፍ ስለሚነበብ፣ የተማሪውን ሥራ የሚገመግም ሰው መሣሪያውን ባያውቀውም ሊከተለው ይችላል። ኤስኢኤል4 የተባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተም ከርነል (ይህ የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት እንጂ ከላይ ያልነው የማረጋገጫ ከርነል አይደለም) እ.ኤ.አ. በ2009 የተረጋገጠው በኢዛቤል ነው።

ኮክን ቴሪ ኮካን እና ዤራር ኧዌ በፈረንሳይ በ1984 እ.ኤ.አ. ጀመሩት። ከኢዛቤል የሚለይበትን ነገር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በኮክና በሊን «ቀን» የሚባል ታይፕ (የመረጃ ዓይነት) ስንሠራ ወሩንና ዓመቱን ብቻ ሳይሆን «የወሩ ቀን ከተፈቀደው አይበልጥም» የሚለውን ማረጋገጫ አብሮ እንዲይዝ ማድረግ እንችላለን፤ ከዚያ በኋላ ጳጉሜ 6 ቀን 2014 የሚባል ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ ሊፈጠር አይችልም፣ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለሩ ያቆመዋልና። በኢዛቤል ታይፕ እንደ ዓመቱ ቁጥር ባለ በውስጡ በሚገባ ዋጋ ላይ ስለማይመሠረት ይህንኑ በተጓዳኝ መስፈርት እንጽፈዋለን፤ ውጤቱ አንድ ቢሆንም ድካሙ ይበዛል። ኮክ የጎላባቸው ሥራዎች የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችና የኮምፓይለሮች ናቸው፤ የዛቪየ ለሯ ኮምፕሰርት የተባለው የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር የተረጋገጠው በእርሱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች ብዙ የሲ ኮምፓይለሮችን በዘፈቀደ በተፈጠሩ ፕሮግራሞች ሲያስጨንቁ በሌሎቹ ከሦስት መቶ በላይ ስህተቶች ሲገኙ፣ በኮምፕሰርት የተረጋገጠ ክፍል ውስጥ ኮዱን አሳስቶ የሚተረጉም ስህተት አላገኙም። በሒሳብም ዦርዥ ጎንቲየ የአራቱን ቀለማት ቲዎረም (ማንኛውም ካርታ ጎረቤታሞች ሳይመሳሰሉ በአራት ቀለም ሊቀባ ይችላል የሚለውን) አረጋግጦበታል።

ሊንን ሊዮናርዶ ደ ሞራ በ2013 እ.ኤ.አ. በማይክሮሶፍት ሪሰርች ጀመረው፤ ዜድ3ን ከኒኮላይ ብዮርነር ጋር የሠራውም እርሱ ነው። ዛሬ የሒሳብ ሊቃውንት በብዛት የሚሰበሰቡበት ሊን ነው። ማትሊብ የተባለው ቤተ መጻሕፍቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ ሒሳብ ብዙውን ይዟል። በ2020 እ.ኤ.አ. ፒተር ሾልዘ የአንዱን ከባድ ቲዎረሙን ማረጋገጫ በኮምፒውተር እንዲመረምሩለት ጠየቀ፤ የሊን ተጠቃሚዎች በ2022 ጨረሱለት። ከዚያ ወዲህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቲዎረም ለማረጋገጥ የሚሞክሩ ሥራዎች በብዛት የሚመሠረቱት በሊን ላይ ስለሆነ፣ በዚያ አቅጣጫ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ምርጫው ብዙም አያስጨንቀውም።

በአጭሩ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የሒሳብ ክፍል ተማሪ ሊንን ይውሰድ። ኮምፓይለር ወይም የቋንቋ ንድፍ የሚያጠና ኮክን ይውሰድ። ሶፍትዌር ወይም አልጎሪዝም ለማረጋገጥ የሚፈልግና በአቅራቢያው ሊያግዘው የሚችል የመሣሪያው ባለሙያ የሌለው ደግሞ ኢዛቤልን ይውሰድ፤ ስሌጅሃመር ሌሊት ብቻውን ለሚሠራ ተማሪ እንደ ባልንጀራ ነው። ሌላው አጋዥ መሣሪያ ኤሲኤል2 በሃርድዌር በኩል የከበረ ታሪክ አለው፣ የኤኤምዲ ኬ5 ፕሮሰሰር የማካፈል አልጎሪዝም የተረጋገጠው በእርሱ ነው፤ ሃርድዌር ላልሆነ ርእስ ግን አልመክረውም።

ስለ ላፕቶፕ፣ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ጊዜ

በውጭ አገር የተጻፉ ንጽጽሮች ይህን አይነኩትም፣ ለእኛ ግን ከሎጂኩ ልዩነት ያላነሰ ይከብዳል። የቲኤልኤ ፕላስ መሣሪያ ጃቫ ባለበት ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ የጥቂት ሜጋባይት ፋይል ነው፤ በስልክ ዳታም ይወርዳል። ዳፍኒም ቀላል ነው። ኢዛቤል ትልቅ ነው፣ ነገር ግን አዘጋጁ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ፈቺዎቹ በአንድ ጥቅል ስለሚመጡ አንዴ በግቢው ኢንተርኔት ወይም ከጓደኛ በፍላሽ ከተወሰደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሊን ራሱ ቀላል ቢሆንም ማትሊብ ተጠናቅሮ ወርዶ ሲዘረጋ በዲስኩ ላይ በርካታ ጊጋባይት ይይዛል፤ የተጠናቀረውን ሳያወርድ በላፕቶፑ ላይ ሊያጠናቅር የሞከረ ተማሪ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋና ባትሪው ካለቀ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የግዕዝ አኃዝን የመሰለ ርእስ ማትሊብን ስለማይፈልግ፣ በሊን መጀመር የሚፈልግ ያለ ማትሊብ ይጀምር። በማህደረ ትውስታ በኩል 8 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ለሁሉም ያስጀምራል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ኢዛቤልንና ማትሊብን ለጊዜው ይተዋቸው።

ስለ ርእስ ስፋት አንድ ቁጥር ላንሣ። ኤስኢኤል4 ሲረጋገጥ የሲ ኮዱ 8,700 መስመር ገደማ ነበር፣ ማረጋገጫው ግን 200,000 መስመር ገደማ ወጥቶታል፤ ይህም የሠለጠነ ቡድን ለዓመታት የሠራው ነው። «የባንክ ሥርዓትን አረጋግጣለሁ» ብሎ የመጣን ተማሪ ሐሳቡን እያደነቅሁ ርእሱን አስጠብበዋለሁ፦ ከባንኩ ሥርዓት ውስጥ ገንዘብ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የሚዛወርበትን ክፍል ብቻ ይውሰድ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያዛውሩ የሚሆነውን በቲኤልኤ ፕላስ፣ የድምሩን አለመለወጥ በዳፍኒ ያሳይ። ይህ ለሁለተኛ ዲግሪ በቂ ሥራ ነው፤ ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ጥናት ውስጥ ማገናኘቱም ራሱ ሊታይ የሚገባው አስተዋጽኦ ነው።

ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ወር እንዲህ እከፍልለታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የጀልባዋን ትኬት በቲኤልኤ ፕላስ ጽፎ አራቱን መጥፎ መንገዶች በዓይኑ ይይ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የቀን መለወጫውን በዳፍኒ ይሥራ፤ መነሻ ቁጥሩን ሆን ብሎ በአንድ አሳስቶ የትኛው መስፈርት እንደሚይዘውና የትኛው እንደሚያሳልፈው ይመልከት። በአራተኛው ሳምንት ከሦስቱ አጋዦች በአንዱ የግዕዝን አኃዝ ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ብቻ ጀምሮ፣ ኢንዳክሽኑ የሚያስፈልገው ከየት ጀምሮ እንደሆነ በራሱ ይድረስበት። ከዚያ በኋላ የመረጠውን መሣሪያና የጻፈውን መስፈርት በአማርኛ ይዞ ወደ አማካሪው ይሂድ።